ባለ አንድ ቁልፍ በር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ዝናብ። ቁርስ ዳቦና እንቁላል። አውቶቡሱ በደቂቃዋ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን... ምን አስቦ ነው? እላለሁ። ስምንት ዓመት አቤቱታ መቀበያ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። "እውነቴን ነው የምልሽ" ብሎ የጀመረ ሁሉ ሲዋሽ አይቻለሁ።

ሥልጠናው ሁለተኛ ሳምንቱን ያዘ። በጠቅላላው አምስት ሳምንት ነው። የተለያየ ባህል ያላቸው ሰዎች እንዴት ይግባባሉ ነው ነገሩ፤ ሙሉ ስሙን ብሎ ለመጨረስ ትንፋሽ ያስፈልጋል። ከስድስት ሀገር የመጣን አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ሁላችንም በየመሥሪያ ቤታችን ባለጉዳይ የምናስተናግድ። ከኛ ሀገር ሁለት ነን። እኔ እና ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ አንድ ሰው። ሙቀትም ሆነ ብርድ ጃኬቱን አውልቆ አያውቅም። ጃኬቱ ብዬዋለሁ። ስንመለስ ከሁለታችን አንዳችን የመሥሪያ ቤቱ አሠልጣኝ ይሆናል። ከዚያ መስኮት መገላገያዬ ይቺ ብቻ ናት።

ዛሬ ስለ ዝምታ ተማርን። ዝምታ በየሀገሩ የተለያየ ትርጉም አለው አሉ። ይሄን ለማወቅ ይሄን ሁሉ መብረር ያስፈልግ ነበር?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ይኸው! አውቄያለሁ።

ያሳረፈችኝ ሴትዮ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሹፌር ናት። ብቻዋን ነው የምትኖረው፣ ከአንዲት ወፍራም ድመት ጋር። ስታወራ ሰው አታይም። ወጥ ቤት ተቀምጣም ፊት ለፊት፣ መንገዱን ነው የምታየው። ጥሩ ሴት ትመስላለች። የምትመስል ሰው ደግሞ...

ዛሬ ጠዋት ስልኩ አጠገብ ደብተር አየሁ። በመስመር በመስመር ሰዓት። ቋንቋቸውን ከትምህርት ቤት የያዝኩትን ያህል አነባለሁ። "2:40 ወጣች። 11:15 ገባች። ጫማዋ ረጥቧል።" ከላይ የስሜ መጀመሪያ ፊደል። ስለ እኔ ነው! በቀን በቀን!

ለካ በሥልጠናው መጨረሻ አሳዳሪዎች ስለ እንግዳቸው ግምገማ ይጽፋሉ የተባለው ይሄ ነው። ሴትየዋ ማስረጃ እያጠራቀመች ነው። ጫማዬ መርጠቡ ምኑ ነው የሚገመገመው?

እኔም እዚህ እሷን እየጻፍኩ ነው ለካ። ግን የኔ ሌላ ነው።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ቤት ደወልኩ። አባባ ስልክ ላይ ይጮሃል። የደወልኩበት ሀገር ሩቅ ከሆነ ድምፁም እዚህ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ይመስለዋል።

"በሩ ስንት ቁልፍ አለው?"

"አንድ።"

"አንድ ብቻ? አንድ ቁልፍ ለልማዱ ነው እንጂ ቁልፍ ነው? ወንበር አስደግፊበት!"

አርባ ዓመት ቁልፍ የሠራ ሰው ነው። በር ዘግቶ ሦስቴ ሳይስበው አይተኛም። "ሰውን እመን፣ ግን ቆልፍ" ይላል። ይሄን አመሌን ከየት አመጣሽው ለሚሉኝ ሁሉ መልሱ እሱ ነው።

ቀጥሎ ወንድሜ። ልሄድ ስል አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ አስምዬዋለሁ። ትንሽም ነገር ብትፈጠር እንዲነግረኝ። "አባባ ይሙት!" ብሎ ምሎልኛል። ዛሬም ጠየቅኩት። ሁሉም ሰላም ነው አለኝ። እሱ ካለ ሰላም ነው። በዓለም ላይ የማልጠረጥረው ሰው ቢኖር ወንድሜ ነው። ልጅ ሳለን ብርጭቆ ሰብሮ ማንም ሳይጠይቀው ስብርባሪውን በእጁ ይዞ የሚመጣ ሰው እኮ ነው። መዋሸት አይችልበትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ጃኬቱ ሻይ ጋበዘኝ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ብስኩቱን ጠረጴዛ ሥር ደብቆ የሚበላ ሰው። ከየት ፀሐይ ወጣች?

"በልተሻል ግን?" አለኝ።

"አዎ፣ ምነው?"

"አይ... እንዲያው። ከሳሽብኝ።"

ከሳሁበት! ከመቼ ወዲህ ነው እኔ እሱ ላይ የምከሳው? ከሰዓት አስተባባሪዋ ኮሪደር ላይ አስቁማ ስታናግረው አየኋቸው። አስተባባሪዋ ሥልጠናውን የምትመራው ናት፤ ነጥብ የምትሰጠውም እሷ ናት። ስደርስ ሁለቱም ጸጥ አሉ። እሱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማንበብ ጀመረ። ሰሌዳው ላይ ያለው የአምናው የመዋኛ ሰዓት ነው።

አሠልጣኝነቱን ሊወስድብኝ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ሹፌሯ ሾርባ ሠርታ ጠበቀችኝ። ትናንትም ሾርባ። ሬዲዮኗ ከተዘጋ ሦስት ቀኑ። ያቺ የአየር ሁኔታ ሳትሰማ ምግብ የማይወርድላት ሴትዮ! "ጨምሪ፣ ብዪ" ትለኛለች። በፊት "ድስቱ እዚያ አለ" ነበር ግብዣዋ።

ልብስ ላሰጣ ስወጣ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። "አልወደውም" አለች። "ትክክል አይደለም... አይደለም... እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ አላደርግም።" ስታየኝ ዘጋችው።

አልወደውም? ምኑን? እኔ ቤቷ መኖሬን ነው? ሄጄ ደብተሩን ልፈትሽ... ከቦታው የለም። ደብቃዋለች። የማያስነውር ነገር የጻፈ ሰው ደብተር ይደብቃል እንዴ?

እሑድ፣ ጥቅምት 17

አባባን አላገኘሁትም። እህቱ ጋ ሄዷል አለ ወንድሜ። እዚያ መንደር ኔትወርክ የለም፣ ዳገቱ ላይ ካልተወጣ። አባባ ለአንድ ስልክ ዳገት የሚወጣ ሰው አይደለም። ጥሩ፣ ንፋስ ይቀበል።

ወንድሜ "በልተሻል?" አለኝ ሦስት ጊዜ። ዘንድሮ ሰው ሁሉ ሆዴ ላይ ምን አለው?

ስለዚህ ቤት የጠረጠርኩትን ሁሉ ነገርኩት። ደብተሩን፣ ጃኬቱን፣ ኮሪደሩን። "አንቺ ግን... ትምህርትሽ ላይ ብቻ አተኩሪ" አለኝ። እንኳንም እሱ አለልኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ረቡዕ በየተራ ለምናደርገው ንግግር ጃኬቱ ተራውን ለቀቀልኝ። "የተመቸሽን ምረጪ፣ እህቴ።" እህቴ!! በሉ እንግዲህ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

አበላሸሁት። ወይም አበላሹብኝ።

የንግግሩ ርዕስ፦ በናንተ ዘንድ የተለመደ፣ ለሌላ ሰው ግን እንግዳ የሚሆን አንድ ነገር። አሳዳሪዎችም ተጋብዘው ነበር። ሹፌሯ ከኋላ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጥቁር ሰሌዳውን እንደ መንገድ እያየች።

የመረጥኩት ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ነው። በኛ ዘንድ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም አልኩ። ለመንገደኛ አይነገርም። በባዶ ሆድ ላለ ሰው አይነገርም። መጀመሪያ ሰውየው ቤቱ ይገባል፣ ይበላል፣ ያርፋል፤ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው ከጎኑ ይቆማል። ከዚያ ነው። እናቴ ያረፈች ጊዜ እኔ ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነበርኩ። "ትንሽ አሟታል" ብለው መጥተው ወሰዱኝ። መኪናው ውስጥ ሰዎቹ ሁሉ ለኔ ብርቱካን ይልጡልኝ ነበር። እዚህ ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ጥሩ ነው፣ ነጥብ ያመጣል ብዬ አሰብኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጨረስኩ። ለሌሎቹ እስኪበቃቸው አጨብጭበዋል። ለኔ ወንበር እንኳ አልተንቋቋም። ጃኬቱ ጫማውን ያያል። ሹፌሯ መሐረብ አወጣች። ጉንፋን ይሆናል።

አስተባባሪዋ ብድግ አለች። "አንቺ ራስሽስ? እንዲህ ርቀሽ ሳለሽ ቤተሰብሽ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ... እስክትመለሺ እንዳይነገርሽ ትፈልጊያለሽ?"

ወጥመድ! "አይ" ብል የተናገርኩትን ሁሉ በገዛ አፌ ላፈርሰው ነው። ደረቴን ነፋሁ። "አዎ" አልኩ። "እሱ መዋሸት አይደለም፣ ፍቅር ነው።"

ትክ ብላ አየችኝና "ገባኝ" አለች። ሌላ ጥያቄ የለም።

ለደብተሬ ግን እውነቱን ልንገረው። ያን ብርቱካን የላጡልኝን ሰዎች እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። ብርቱካንም በልቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

እራት አልበላሁም። በቃኝ። ይሄ ቤት በቃኝ።

አቤቱታ ጻፍኩ። የሰው አቤቱታ ስምንት ዓመት አርሜያለሁ፣ የራሴማ አያቅተኝም። "ጉዳዩ፦ የማረፊያ ቤት ለውጥ እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ።" አንደኛ፣ አሳዳሪዬ መውጣት መግባቴን በድብቅ ትመዘግባለች። ሁለተኛ፣ ስለኔ በስልክ ታወራለች። ሦስተኛ፣ ያለ ምክንያት ደግ ሆናለች።

ሦስተኛውን ሳነበው አሳቀኝ። አልሰረዝኩትም ግን። ነገ ጠዋት ለአስተባባሪዋ እሰጣለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ለቁርስ ስወርድ ሹፌሯ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አድርጋ ጠበቀችኝ። ድመቷን አስወጥታ በሩን ዘግታለች። አቤቱታው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ነቅታብኛለች አልኩ በልቤ።

"ረቡዕ ክፍል ውስጥ ያልሽው... ከልብሽ ነው?"

"የቱን?"

"እንዳይነገረኝ እፈልጋለሁ ያልሽውን።"

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ይሄን ሁሉ ቀን መንገድ ስታይ የከረመች ሴት። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እውነቱ ከአፌ አመለጠ። "ለነጥብ ነው ያልኩት። እናቴን ሳልሰናበታት ነው የቀረሁት። ሁለተኛ እንዲህ ከሚያደርጉኝ ቢገድሉኝ ይሻለኛል።"

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "እንግዲያው ከባድ ነገር ልነግርሽ ነው። አሁን ልንገርሽ?"

ወንበሩን የያዝኩት ትዝ ይለኛል። "አሁን።"

"አባትሽ ሆስፒታል ነው። በሕይወት አለ። ከገባ ዘጠኝ ቀኑ ነው።"

በሕይወት አለ። እሷ እንደዚያ ብላ በዚያ ቅደም ተከተል ባትናገረው ኖሮ...

ሱቁ ውስጥ ሥራ ላይ ሳለ ነው የወደቀው። ወንድሜ ይሄን ቤት ደወለ፣ እሷ ጃኬቱን ከሥልጠናው በስልክ አስጠርታ አስተረጎመላቸው። ለአስተባባሪዋም ተነገረ። ትምህርቷን እስክትጨርስ ማንም እንዳይነግራት ብሎ ለመናቸው። አሥራ ሁለት ሰው ያለበት ክፍል ሙሉ ያውቅ ነበር። እኔ ቆሜ ፍቅር ነው እያልኩ ሳስረዳቸው!

ደብተሩን ከቁም ሳጥኗ አውጥታ ሰጠችኝ። እንዳላነበው ነው የደበቀችው። አነበብኩት።

"ረቡዕ፣ 4:10። ወንድሟ ደወለ። አባቷ ሆስፒታል። አትንገሯት አለ። እሺ አላልኩም።

ሐሙስ። አልነገርኳትም።

ዓርብ። ሾርባ በላች። አልነገርኳትም።

ቅዳሜ። አስተባባሪዋን ትክክል አይደለም አልኳት። የቤተሰብ ጉዳይ ነው አለችኝ። አልነገርኳትም።"

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ... አልነገርኳትም። "ረቡዕ። አዎ አለች። ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ሐሙስ። እራት አልበላችም። አዎ ማለቷን አላመንኩትም።"

የበፊቶቹን ገጾች ገለጥኩ። ድመቷም አለችበት። ወጣች፣ ገባች፣ ጢሟ ላይ ወተት። ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ስትነዳ የወጣ የገባውን በሰዓት ስትመዘግብ ኖራ እጇ አልተው ብሏት ነው። ግምገማ የሚባለውን ወረቀትማ ገና አልተቀበለችውም።

አቤቱታውን አውጥቼ ቀደድኩት። "ምንድን ነው?" አለችኝ። "የማይረባ ወረቀት" አልኳት። ዋሸኋት። ለካ እንዲህ ቀላል ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

አውሮፕላን ማረፊያ ነኝ። ሹፌሯ ራሷ ነድታ አደረሰችኝ። መንገዱን እያየች።

ጃኬቱ ቀድሞን ቆሞ ነበር። "ወንድምሽ አልቅሶ ነው የለመነኝ። ምን ላድርግ?" አለ። ልቆጣ ነበር... ዓይኑ ቀልቷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ጃኬቱን አወለቀና ትከሻዬ ላይ ጣለው። "አውሮፕላኑ ውስጥ ይበርዳል" ብሎ። ከሥር የለበሰው ሹራብ ክርኑ ላይ ቀዳዳ አለው። ለዚህ ኖሯል።

አሠልጣኝነቱ የሱ ነው። ያቋረጠ ሰው ምስክር ወረቀት የለውም። ይሁንለት።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ወንድሜ ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያየኝ ክው አለ።

"አባባ ይሙት ብለህ ምለህልኝ!" አልኩት፣ ሰላም ሳልለው።

"እሱ እኮ ነው ያስማለኝ! ትማርበት፣ ከዚያ መስኮት ትውጣ፣ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ልጄ አይደለህም አለኝ። የማንን መሐላ ልጠብቅ?" አለና ግድግዳውን ተደግፎ ተንሰቀሰቀ። ያ መዋሸት የማይችለው ልጅ። አቀፍኩት እንጂ ምን አደርገዋለሁ። ግን ይቅር ብዬዋለሁ ብዬ አልጽፍም። ገና አላልኩትም።

አባባ ግማሽ ሆኗል። ቆዳውና ዓይኑ ቢጫ። እጁ ግን ያው እጁ ነው፣ ጥቁር ዘይት ጥፍሩ ውስጥ።

"ጨረስሽ?"

"አልጨረስኩም።"

"ማነው የነገረሽ?"

"ያሳረፈችኝ ሴትዮ።"

"ያቺ ባለ አንድ ቁልፏ?" አለና ብዙ አሰበ። "ሰው ናት" አለ በመጨረሻ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

የምርመራ ውጤት ነገ ነው። አባባ የክፍሉን በር እጀታ ሳቢና አጥብቂው ብሎ አዘዘኝ፣ ላልቷል። መፍቻ የለም ሲሉኝ በሳንቲም አጠበቅኩት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ሐኪሙ ሦስታችንን ጠራን። እኔን፣ ወንድሜን፣ አክስቴን። ጉበቱ ነው። ተሰራጭቷል። ቀዶ ጥገና አይጠቅመውም። ወራት አለ፣ ያውም ጥቂት።

ኮሪደር ላይ አክስቴ ክንዴን ይዛ አልለቅ አለች። "እንዳትነግሪው! የሐሞት ጠጠር ነው ብለነዋል፣ ይኸው እሱን ይዞ ሰንብቷል። ወንድሜን በቁሙ ልትገድይው ነው? የውጭ ሀገር ነገር ይዘሽብን መጣሽ!" ወንድሜም "ይሰበራል" አለ። ክፉ ሆነው አይደለም። አውቃለሁ። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ዓይናችንን ጠርገን፣ ስቀን ገባን። ወንድሜ የማያስቅ ቀልድ አወራ። አክስቴ ከቦርሳዋ ብርቱካን አውጥታ መላጥ ጀመረች።

ብርቱካኑ ሲሸተኝ አልቻልኩም።

"እስቲ እናንተ ወጣ በሉ" አልኩ። አክስቴ አየችኝ። ወንድሜ እሷን አየ፣ እኔን አየ... ከዚያ ክንዷን ያዘና ይዟት ወጣ። እሱ! ቢላውም ብርቱካኑም ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

"ይሄ ሁሉ ሳቅ ምንድን ነው?" አለ አባባ። "ሰው እኔ ፊት ሲስቅ ከሰነበተ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ነው። አርባ ዓመት ቁልፍ ሠርቻለሁ። የተዘጋ ነገር ሳይ አላውቅም?"

ወንበሩን ጎትቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እንደዚያች ሴትዮ።

"አባባ፣ ከባድ ነገር ልነግርህ ነው። አሁን ልንገርህ?"

ትክ ብሎ አየኝ። እኔን ሳይሆን ሊከፍተው ያለውን ነገር የሚያይ ይመስል ነበር። ፈራሁ። አይ፣ ተይው ቢለኝ ምን አደርግ ነበር? እተወው ነበር መሰለኝ።

"ምሳዬ መጥቷል?"

"መጥቷል።"

"እንግዲያው መጀመሪያ ልብላ።"

ቀና አደረግኩት። ሾርባውን ራሱ ጠጣ፣ ማንኪያውን አላስይዝም አለኝ። ዳቦውን ቆረሰ። ቀስ ብሎ፣ አላምጦ፣ እስከ ፍርፋሪው። ከገባ ጀምሮ እንዲህ በልቶ አያውቅም ብለውኛል። አላቸኮልኩትም። እሱም አልቸኮለም። ሲጨርስ እጁን ጠረገና ትሪውን ገፋው።

"በሩን ዝጊውና ንገሪኝ" አለ።

ዘጋሁት። ሁሉንም ነገርኩት።